ሥራ፣ ቤተሰብና አልትራማራቶን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከማራቶን ርቀት፣ ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሩጫ ሁሉ አልትራማራቶን ይባላል። 50 ኪሎ ሜትር፣ 80 ኪሎ ሜትር (50 ማይል)፣ 100 ኪሎ ሜትርና 160 ኪሎ ሜትር (100 ማይል) የተለመዱት ርቀቶች ናቸው። ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የሚጠይቁት ሩጫ መተዳደሪያቸው ያልሆነ፣ ልጅ የሚያሳድጉና የወር ደመወዝ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሲሆን አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሕመም ወይም የቆየ ጉዳት ያለበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

በሳምንት ስንት ሰዓት ያስፈልገኛል?

ለመጀመሪያ 50 ኪሎ ሜትር ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል። ለ80 ኪሎ ሜትር ከስምንት እስከ አሥር ይሁን። ይህን የምለው ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ለሮጠና ግማሽ ማራቶን ያለ ችግር ለሚጨርስ ሰው ነው። ከዜሮ የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ያንን ዓመት ይሩጥ።

ስድስት ሰዓት እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል፦ ማክሰኞ 50 ደቂቃ ቀላል ሶምሶማ፣ ሐሙስ 90 ደቂቃ ዳገት ያለበት ሩጫ፣ ዓርብ 40 ደቂቃ በጣም ቀላል፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ሦስቱ ቀናት ከሩጫ ነጻ ናቸው።

ልምምዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት እንዲቆጥሩ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ድንጋያማ ተራራ ላይ የተሮጠ 20 ኪሎ ሜትርና አስፋልት ላይ የተሮጠ 20 ኪሎ ሜትር በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ድካም አይመሳሰልም። ሁለተኛውና ለቤተሰብ የሚበጀው ምክንያት ግን ይህ ነው፦ «30 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው» ብሎ የሚወጣ ሰው መቼ እንደሚመለስ ለማንም አልነገረም። «አራት ሰዓት ላይ እገባለሁ» ያለ ሰው ግን ቃል ገብቷል፤ ቤት ያለውም ሰው ቀኑን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ማቀድ ይችላል።

ባለቤቴ ሐሳቡን አልወደደችውም። እንዴት ላስረዳት?

ከማስረዳት በፊት መጠየቅ ይቀድማል። የመመዝገቢያው ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ የሚደረግ ውይይት ውይይት አይባልም፤ ያለቀ ነገር ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ልጆች ከተኙ በኋላ ተቀምጣችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ ተነጋገሩ። ወረቀቱ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ነገሮች፦ ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ (ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20)፣ የትኞቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንታት በጣም እንደሚከብዱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ለጫማ፣ ለመመዝገቢያና ለጉዞ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ በመጨረሻም ሁሉም ነገር የሚያበቃበት ቀን። የሚያበቃበት ቀን ያለው ድካም ለሌላው ሰው በጣም ይቀላል።

እርስዎ ለሩጫ የሚያገኙትን ያህል ሳይቆራረጥ የእሷ ብቻ የሆነ ጊዜም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ትማርበት፣ ትተኛበት፣ ከጓደኞቿ ጋር ቡና ትጠጣበት፣ የእሷ ጉዳይ ነው። «ስትፈልጊ ንገሪኝ» ማለት አይበቃም፤ ቀንና ሰዓት ያልተቆረጠለት ነገር በሥራ በተጠመደ ቤት ውስጥ አይፈጸምም።

አሁን ብዙ ሯጮች የማያዩትን ነገር ልናገር። ቅዳሜ በሌሊት ወጥቶ አራት ሰዓት ላይ የሚመለስ አባት «ልጆቹ ሳይነሡ ወጣሁ፣ ማንንም አልጎዳሁም» ይላል። ከዚያ ግን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ሶፋ ላይ ይዘረጋል፤ እስከ አመሻሹም አይነሣም። ልጅ ሲጠራው ይቆጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ፊቱ ይጠቁራል። ቤተሰቡ የከፈለው ሦስቱን የሩጫ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የጠፋውን ከሰዓት በኋላም ጭምር ነው። ቅሬታውን የሚወልደውም በአብዛኛው ይኸው ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ረጅም ሩጫን የምመዝነው ከሰዓት በኋላ ባለው ሁኔታ ነው። ከሩጫ የተመለሰ ሰው ገበያ መሄድ፣ ልጅ ማጫወት፣ ምግብ ማብሰል ካቃተው ሩጫው ወይ በዝቷል፣ ወይ ፈጥኗል፣ ወይ በቂ ምግብና ውሃ ሳይወስድ ሮጧል። ሦስቱም የልምምድ ስህተቶች ናቸው፤ ለቤት እንደማይበጁ ሁሉ ለውድድሩም አይበጁም። አልትራማራቶን በዝግታ የሚሮጥ ነገር ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መሮጥ የሚችሉበትን ፍጥነት የጠበቀ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን አያጣም።

ይህ ሁሉ ሚስት ሮጣ ባል ቤት ሲቀርም ያው ነው። በእኛ ቤቶች ግን የሴቷ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙውን ጊዜ ልምምዷን ጨርሳ ስትመለስ ምጣዱ ይጠብቃታል። ሯጯ እናት ከሆነች ወረቀቱ ላይ የቤት ሥራውም በስም ይከፋፈል።

ጊዜውን ከየት ላምጣው?

ከእንቅልፍዎ አያምጡት። ይህን በጣም የምለው አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ የሚነካው እሱን ስለሆነ ነው። በልምምድ የተጎዳ ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው፤ በአምስት ሰዓት እንቅልፍ እየኖረ ልምምዱን የሚያሳድግ ሰው በየጊዜው ይታመማል፣ ይጎዳል፣ ቤት ውስጥም ነጭናጫ ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት መተኛት አለበት። እንግዲህ ጊዜው የሚመጣው ከምሽቱ ነው፦ ከቴሌቪዥኑ፣ ከስልኩ፣ ሳይታሰብ ከሚያልፈው ሰዓት።

ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ካደረ ጠዋት አይሩጡ። ይተኙ።

የምሠራው ሌሊት ነው። ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ለቀን ሠራተኛ የተጻፈ የልምምድ ዕቅድ አይሆንዎትም። በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በታክሲ የሌሊት ሥራ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ወደ ረጅሙ ሩጫ በመሄድ ነው። ሩጫው ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ እንቅልፍ አጥተው ወደ ጫካው መንገድ መኪና መንዳታቸው ያሳስበኛል። ይተኙ፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ከቀጣዩ ሥራ በፊት አጭሩን ሩጫ ይሩጡ። ረጅሙን ሩጫ ለሁለተኛው የዕረፍት ቀን ያቆዩት፤ የመጀመሪያው ዕረፍት ቀን የእንቅልፍ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው እግሩ ሥራ ላይ ውሎ ነው የሚመጣው። ያንን እንደ ልምምድ ይቁጠሩት፤ የሚቀጥለውንም ቀን ያቅልሉት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱ ደግሞ ዳሌና ወገባቸው ስለሚተሳሰር ከመሮጣቸው በፊት አሥር ደቂቃ በፍጥነት ይራመዱ።

ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ለሩጫ መዋል አለባቸው?

የለባቸውም። በአልትራማራቶን ሯጮች ዘንድ ቅዳሜና እሑድ ተከታታይ ረጅም ሩጫ መሮጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የደከመ እግር ላይ መሮጥን ያስተምራል። ልጆች ላለው ሰው ግን ዘወትር እንዲያደርገው አልመክርም። እሑድ ቅዳሴም አለ፣ ቤተሰብም አለ። ሐሙስ 90 ደቂቃ ዳገት፣ ዓርብ አጭር፣ ቅዳሜ ረጅም ከሆነ እግር ቅዳሜን የሚጀምረው ደክሞ ነውና ጥቅሙ በከፊል ይገኛል። በጠቅላላው የልምምድ ዘመን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አስቀድሞ ስምምነት ተደርጎበት፣ ሁለቱንም ቀናት መጠቀም በቂ ነው።

ሠርግ፣ ክርስትናና ልቅሶ ሲመጣስ?

ለቀብርና ለልቅሶ ይሂዱ። ልቅሶ በሩጫ ምክንያት አይቀርም። የሃያ ሳምንት ዕቅድ ሲያወጡ ሦስት ያህል ሳምንታትን ባዶ ይተዉላቸው፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም፣ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። ሠርግና ክርስትና አስቀድመው ስለሚታወቁ ረጅሙን ሩጫ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል።

አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የት ልለማመድ?

አዲስ አበባ ያለ ሰው ጊዜ የሚቆጥብ ሀብት አለው፦ ከፍታና ዳገት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ሁለት ሰዓት እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ሜዳ ላይ ከተሮጠ ሦስት ሰዓት ያላነሰ ሥራ ይሠራል። የቁልቁለቱም ጥቅም ሊናቅ አይገባም፤ አልትራማራቶን ላይ ሯጭን የሚያሽመደምደው ብዙ ጊዜ የጭን ፊት ጡንቻን የሚቀጠቅጠው ቁልቁለት ነው። ቤታቸው ወይም ሥራቸው መሀል ከተማ ለሆነ ሰዎች የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ለሐሙሱ ሩጫ ይሆናሉ።

የመኪናው ጭስ ሳይበዛ በጠዋት መውጣት ይሻላል፤ ጎሕ ሳይቀድ ግን ብቻዎን ወደ ጫካ አይሂዱ። ጅብም አለ፣ ውሻም አለ፣ ሰውም አለ። ሁለት ሦስት ሆኖ መሮጥ፣ በተለይ ለሴቶች፣ ከልምምዱ ዕቅድ እኩል ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አልትራማራቶን የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉም አንድ ስም ልጥቀስ። ከተማ ነጋሳ በ2021 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትርን በ2:42:07 ሮጧል፤ ከ1988 ጀምሮ የቆየውን የደቡብ አፍሪካዊው ቶምፕሰን ማጋዋናን 2:43:38 ያሻሻለ ሰዓት ነበር።

በጾም ወቅት እንዴት ልለማመድ?

የጾሙን ሥርዓት ከልምምዱ ጋር ማጋጨት አያስፈልግም፤ ሥርዓቱ ራሱ ቦታ ይሰጣል። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚቆይ ሰው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይበላል፤ ስለዚህ ረጅሙ ሩጫ ቅዳሜ ይሁን። በሳምንቱ ቀናት አጫጭሮቹን ሩጫዎች ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብሎ ሮጦ ወዲያው መብላት ይቻላል። በዚህ ወቅት ልምምዱን አያሳድጉ፤ ያለበት እንዲቆይ ብቻ ያድርጉ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ተልባ በብዛት ይብሉ፤ ረጅም ጾም የሚጾሙ ሯጮች፣ በተለይ ሴቶች፣ የደም ማነስ ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው።

በረመዳን ውሃም ስለማይጠጣ ጥንቃቄው ይበልጣል። ቀላል ሶምሶማ ከኢፍጣር ጥቂት በፊት፣ ረዘም ያለው ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀት በቀን መሮጥ ጨርሶ አይታሰብ። የሚቻል ከሆነ ከባዱ የልምምድ ወር ከጾሙ ጋር የማይገጥም ውድድር ይምረጡ።

ልጅ ከወለድኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። መቼ ልመለስ?

በብሪታንያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በ2019 ያወጡት መመሪያ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 12 ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሩጫ አለመመለስን ይመክራል፤ ከዚያ በኋላም የሽንት መፍሰስ፣ የክብደት ስሜት ወይም ሕመም ካለ ሩጫውን ትተው ምርመራ ያድርጉ። ያ ዝቅተኛው ወሰን ነው እንጂ የመነሻ ቀን አይደለም። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከዚያ በላይ ብትቆይ አያስደንቅም። የምታጠባ እናት ደግሞ ከሌላው ሯጭ በላይ መብላትና መጠጣት ይኖርባታል።

ሁለት ሴቶችን ላንሣ። በእንስሳት ሕክምና ሙያ የምትሠራው እንግሊዛዊት ጃስሚን ፓሪስ በ2019 ፔናይን ዌይ በተባለው የእንግሊዝ የእግር መንገድ ላይ የሚደረገውን 268 ማይል ርዝመት ያለው ስፓይን የተባለውን ውድድር ወንዶቹንም ጨምሮ ሁሉንም ቀድማ በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረሰች። ልጇ 14 ወሯ ነበር፤ በየማረፊያው ጡቷን እያለበች ነው የሄደችው። በ2024 ሁለት ልጆች ካሏት በኋላ በቴነሲ የሚደረገውን ባርክሌይ ማራቶንስ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የ60 ሰዓቱ ገደብ ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቀረውም ነበር። ልምምዷን በአብዛኛው ልጆቿ ሳይነሡ፣ ሥራ ሳይገባ ነበር የምትጨርሰው።

ሁለተኛዋ ሶፊ ፓወር ናት። በ2018 በሞንብላን ተራራ ዙሪያ በሚደረገው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር ላይ የሦስት ወር ልጇን ኩርማየር በተባለው ማረፊያ ስታጠባ የተነሣችው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ብዙዎች ጀግንነቷን ብቻ አደነቁ። ከጀርባው ያለው ግን በደል ነበር፦ ውድድሩ ለተጎዳ ሯጭ ተራውን ወደ ሌላ ዓመት ሲያዛውር ለነፍሰ ጡር አያዛውርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውድድሮች ደንባቸውን ለውጠዋል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ፤ ለእርግዝናና ለወሊድ ማዛወር የሚፈቅደውን ውድድር ይምረጡ። የፓወርን ታሪክ በወለዱ በሦስት ወር ተራራ ለመሮጥ እንደ ማበረታቻ የሚጠቀሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ እሷ ራሷ የታገለችው ሌላዋ እናት እንዲህ ያለ ምርጫ እንዳይገጥማት ነው።

ልጄን በጋሪ እየገፋሁ መሮጥ እችላለሁ?

ለሩጫ በተሠራ ጋሪ፣ ልጁ አንገቱን አጽንቶ ሲይዝና ቢያንስ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ሐኪሙም ሲፈቅድ ይቻላል። ሜዳና ለስላሳ መንገድ ይምረጡ። ልጁ ሲያለቅስ ሩጫው አብቅቷል።

ለአሠሪዬ ልንገር?

የዕረፍት ቀን ወይም የፈረቃ ለውጥ የሚፈልጉ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ከውድድሩ በኋላ ያለውን ሰኞ ፈቃድ ይውሰዱ። ከዚያ ውጭ የልምምድዎ ነገር የሥራ ባልደረቦችዎ የየዕለት ወሬ ባይሆን ይሻላል።

የመጀመሪያው ውድድሬ የትኛው ይሁን?

ቤትዎ አጠገብ ያለው። አውሮፕላን፣ ሆቴልና ፈቃድ የሚጠይቅ ውድድር የቤተሰቡን ገንዘብና የዓመቱን ዕረፍት በአንድ ጊዜ ይበላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሰው ጄ ኤፍ ኬ 50 ማይል የተባለው ውድድር ቅርብ ነው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የባሕር ኃይል ወታደሮች 50 ማይል መጓዝ ይችሉ እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ በመላ አሜሪካ ተመሳሳይ ጉዞዎች ተካሂደው ነበር፤ እስከ ዛሬ የቆየው ይህኛው ነው። በየዓመቱ በኅዳር ወር ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ቡንስቦሮ ተነሥቶ በድንጋያማው የአፓላቺያን መንገድ ካለፈ በኋላ ወደ ቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ዳር ይወርዳል፤ እዚያ አንድ ሙሉ ማራቶን የሚያህል ርቀት ሜዳውን ይሮጣል፤ የሚያበቃው ዊሊያምስፖርት ነው። በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው ይህ የቦዩ ዳር መንገድ ከጆርጅታውን ተነሥቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ ጆርጅታውን ውስጥ ሥራ ያለው ሰው የሚወዳደርበትን መንገድ ከሥራ ሲወጣ ሊለማመድበት ይችላል። ያም ሆኖ ከ80 በፊት አንድ 50 ኪሎ ሜትር ቢሮጡ እመርጣለሁ።

ትልቁን ሕልም ለሚጠይቁኝ የደቡብ አፍሪካውን ኮምሬድስ እጠቅሳለሁ። በ1921 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ የተጀመረ፣ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሮጥበት፣ የ12 ሰዓት ገደብ ያለው ውድድር ነው። ከአሸናፊዎቹ ጀርባ የሚመጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መምህራን፣ ነርሶች፣ ሾፌሮችና የማዕድን ሠራተኞች ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ተለማምደው ሥራ የሚገቡ ሰዎች ናቸው።

በውድድሩ ቀን ቤተሰቤ ይምጣ? ምንስ ልብላ?

ትንንሽ ልጆች በኅዳር ብርድ አሥር ሰዓት እንዲጠብቁ አያድርጉ። አንድ የሚያገኙዎት ቦታና የመጨረሻው መስመር ይበቃል። የሚደርሱበትን ሰዓት ሲገምቱ ሰፋ አድርገው ይንገሩ።

በሶ ለረጅም ሩጫ ጥሩ ምግብ ነው፤ ቀጠን ተደርጎ በጥብጦ መያዝ ይቻላል። ቴምር፣ የተቀቀለ ድንች በጨው፣ ሙዝም ይሆናሉ። ሁሉንም በቅዳሜው ሩጫ ላይ ሳይሞክሩ ለውድድር አይያዙ። ሲጠማዎት ይጠጡ፤ ከጥማት በላይ ውሃ ማብዛት የደም ጨውን አውርዶ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ያመጣል። ኢቡፕሮፌን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በሩጫው ላይ አይውሰዱ፤ ደክሞና ፈሳሽ አጥሮት ባለ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

ያመለጠኝን ልምምድ ላካክሰው?

አያካክሱት። ያለፈው አልፏል፤ ወደሚቀጥለው ቀን ዕቅድ ይሂዱ።

መቼ ነው ማቆም ያለብኝ?

ሕመም አረማመድዎን ሲለውጠው፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ሲያጡ፣ የወር አበባ ሲቋረጥ፣ ከረፍትም በኋላ የጠዋት የልብ ምት ከፍ ብሎ ሲቆይ። እነዚህ የሰውነት ምልክቶች ናቸው። በቤት በኩል ደግሞ ባለቤትዎ ቅሬታ ማሰማቱን ትቶ ዝም ሲል ይጠንቀቁ። ልጅ «ዛሬም ትሮጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ሲጀምር እንደዚሁ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን እንደገና አውጥታችሁ ተነጋገሩ፤ አስፈላጊ ከሆነም ከ80 ወደ 50 ዝቅ ማለት ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይቻላል። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከባድ ሩጫ አይሩጡ፤ የእነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ጠዋት የባለቤትዎ ይሁን፤ ወረቀቱንም አንድ ላይ ሳታነቡት ለሚቀጥለው ውድድር አይመዝገቡ።